በዘመነ ዮሐንስ የተቀባው ሳሎን

በ1976 ዓ.ም. ታኅሣሥ 27 ቀን፣ ዓርብ፣ ከቀትር በኋላ፣ ታላቅ እኅቴ የእኔን ተራ ወስዳ የእናታችንን ሳሎን ሮዝ ቀብታ ጠበቀችኝ። ብሩሹ የእኔ ነበር፤ ነጩ ቀለም የእኔ ነበር፤ ምርጫውም የእኔ መሆን ነበረበት።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚወስነው ነገር እጅግ ጥቂት ነበር። የት እንደምሠራ የሚወስነው መሥሪያ ቤቱ፣ እሑድ ጠዋት የት እንደምሰበሰብ የሚወስነው ቀበሌው፣ በወር ምን ያህል ስኳር እንደምቀምስ የሚወስነው የሸማቾች ሱቅ ነው። ቤት ስገባ ደግሞ የቀረውን ሁሉ እኅቴ ትወስነዋለች። በብርዳም የሶሻሊስት አገር ዓመታት ተምሬ፣ የአፈር ኬሚስትሪ ዶክተር ተብዬ ከተመለስኩ በኋላ፣ አስተያየቴ የሚጠየቀው ወጡ ጨው አንሶት እንደሆነ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን መልሴ ሳይጠበቅ ጨው ይጨመራል።

አንዲት ነገር ቀርታልኝ ነበር። እናታችን፣ ገና በደረሰ ቁጥር ስለ ሳሎኑ ቀለም መጨቃጨቃችን ሰልችቷት፣ ልጆች ሳለን ዓመታቱን በወንጌላውያን አካፍላናለች። ማቴዎስና ሉቃስ የእኅቴ፣ ማርቆስና ዮሐንስ የእኔ። ለበዓሉ ግድግዳውን የምትቀባው፣ ጥዱን የምትመርጠውና ጌጡን የምትሰቅለው ባለተራዋ ናት፤ ሌላዋ አፏን ትዘጋለች። ውጭ አገር በነበርኩባቸው ዓመታት እኅቴ የእኔንም ወንጌላውያን በሞግዚትነት ስታስተዳድር ቆይታለች። የተመለስኩት በሉቃስ ነው። በዚያ ዓመት ሳሎኑ የአተር ቀለም ተቀብቶ፣ ጣሪያው በፊኛ ተሞልቶ፣ ከሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት የተቆረጡ ኮከቦች መጋረጃው ላይ ተሰፍተው፣ ጥዱ በጥጥ ተሸፍኖ አየሁ። ደንቡን አክብሬ ዝም አልኩ። ዮሐንስን ጠበቅኩ።

ዮሐንስ ሲገባ ውሳኔዬን በይፋ አሳወቅሁ። ግድግዳው ነጭ ይሆናል፤ ፊኛ አይኖርም፤ ከከተማው ዳር፣ ከጎሮ በኩል በአህያ ጭነው ከሚመጡት ሴቶች አንድ ጥድ ተገዝቶ እንዳለ ይቆማል፣ ያለ ጥጥ። በበረዶ አገር ብዙ ክረምት አሳልፌአለሁ፤ ሰዎች በረዶን በአካፋ ሲዝቁት እንጂ በጥጥ ሲያስመስሉት አላየሁም።

«ነጭ?» አለች እኅቴ። «ሐኪም ቤት ልናደርገው ነው? እንግዳው ካርድ አውጥቶ ይግባ?»

«ተራዋ ነው፤ ተዪያት» አለች እናታችን።

ቀለሙን ገዝቼ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት። በታኅሣሥ አጋማሽ መሥሪያ ቤቴ የአፈር ጨው እንድለካ አዋሽ ሸለቆ ወዳለ የመንግሥት እርሻ ላከኝ። ዛሬ ሩዋንዳ በሚባለው ሠፈር ካለው ቤታችን ስወጣ እኅቴ እስከ በር ሸኘችኝ።

«ዓርብ እመለሳለሁ፤ ቅዳሜ እቀባለሁ፤ እሑድ ገና ነው» አልኳት።

«እሺ፣ በርቺ» አለች። «ብቻ ዓርብን እንዳታሳልፊ።»

ገና ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ይውላል። በዘመነ ዮሐንስ ብቻ፣ ከእሱ በፊት ያለፈችው ጳጉሜ ስድስት ቀን ስለነበራት፣ በሃያ ስምንት ይውላል። ይህን የማያውቅ ክርስቲያን ቤት አልነበረም። እኔ በሌላ አቆጣጠር ኖሬ የመጣሁ ሰው ስለሆንኩ ረስቼው እንደ ሌሎቹ ዓመታት ሃያ ዘጠኝ ብዬ ቆጠርኩ፤ ሃያ ዘጠኝ ደግሞ በዚያ ዓመት እሑድ ነበር። እርሻው ላይ ያሉትም ስለ ጥጥ ተባይ እንጂ ስለ በዓል አያወሩም ነበር።

ዓርብ ከመኪና ወርጄ ግቢ ስገባ የቀለምና የሽንኩርት ሽታ ተደባልቆ ተቀበለኝ። ሳሎኑ ሮዝ ሆኗል። ለሰርግ የተጋገረ ኬክ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ጥዱ ጥጡን ለብሷል። እኅቴ ወንበር ላይ ቆማ ፊኛ ታስራለች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እንኳን አደረሰሽ። ነገ እኮ ገና ነው።»

«ነገ ሃያ ስምንት ነው።»

«ዮሐንስ ነዋ፣ ዶክተርዬ። የተማርሽበት አገር ዮሐንስን አያውቁትም?»

«ተራው የእኔ ነው፣ እታለም።»

«መቼ ካድኩ? ያንቺን ተራ እኮ ነው የቀባሁልሽ። እንግዳ በቆሸሸ ግድግዳ ይግባ?»

«ነጩ የእኔ ነው፤ የቀላቀልሽበትን ቀይ ከየት አመጣሽው?»

«ከቀበሌ። ለአብዮት በዓል አጥሩን ስንቀባ የተረፈ ነው። ቆርቆሮው ውስጥ ሲደርቅ አሳዘነኝ።»

እናታችን ከጓዳ ወጣች፣ ግድግዳውን በጣቷ ነካች፣ ጣቷን አየች። «ደርቋል» አለች። ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን የሆነው የቀበሌው ሊቀመንበር እንኳን አደረሳችሁ ለማለት መጣ። እናታችን ወንበር አሳይታው ከግድግዳው ፊት ለፊት ተቀመጠ። ከብርጭቆው ቀና ሲል ዓይኑ እዚያው ቀረ።

«ይህ ቀይ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የእኛ ቀይ አይደለም?»

የጠጁ ማንቆርቆሪያ በእኅቴ እጅ አየር ላይ ቆመ። የቀበሌን ንብረት ለግል ማዋል በዚያ ዘመን ምን እንደሚያስከትል እዚያ ክፍል ውስጥ ያልገባው ሰው አልነበረም።

«የእርስዎው ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች። «ብቻ ነጭ ገብቶበታል።»

«አብዮቱን በነጭ የበረዘው ማነው?»

እኅቴ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። «እኔ ምን አውቄ» አለች። «ዶክተሯ ናት የመረጠችው። እነዚያ ሶሻሊስቶቹ አገር ሳሎን የሚቀባው እንዲህ ነው ብላን ነው።»

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። በሕይወቴ የኖርኩባቸውን የሶሻሊስት አገር ሳሎኖች አስታወስኩ፤ ሁሉም ቡናማ ነበሩ። እናታችንን አየሁ፤ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ታስተካክላለች። አይደለም ብል ቀለሙን ያወጣችው እኅቴ ሰኞ ቀበሌ ትቆማለች። አዎ ብል ሮዝ የእኔ ምርጫ ሆኖ ይመዘገባል።

«እውነት ነው?» አለ።

«እውነት ነው» አልኩ።

ፊቱ ተፈታ። «እኔም ብዬ ነበር። የተማረ ሰው እጅ ያስታውቃል። ዶክተር፣ ስንት ለስንት ነው?»

«አንድ እጅ ቀይ፣ ሦስት እጅ ነጭ» አልኩት፤ በዓይን ገምቼ።

«ጥጡስ?»

«ጥጡ እንደ ፍላጎት ነው» አለች እኅቴ፣ ፈጥና። ብርጭቆውን ሞላችለት።

እስከ ፋሲካ የሊቀመንበሩ ሳሎን ሮዝ ሆነ። ከዚያ የመሰብሰቢያው አዳራሽ፣ ከዚያ የሸማቾች ሱቁ ባንኮኒ። ሠፈሩ ስም አወጣለት፦ የዶክተሯ ቀለም። ስለ ጨዋማ አፈር የጻፍኩትን በዚያ አካባቢ ያነበበ ሰው የለም፤ አንድ እጅ ቀይ ሦስት እጅ ነጭን የማያውቅም አልነበረም። ከጥቂት ጊዜ በፊት ኢምፔሪያል ሆቴል አጠገብ ካለ የቀለም መደብር ነጭ ልገዛ ስገባ፣ የዚያን ዘመን ሰው የሆኑት ባለሱቅ አወቁኝ። «ቀዩን ረሱት» አሉኝ።

ለቀጣዩ የእኔ ተራ አልደረስኩም። ከዚያ በፊት አግብቼ ወጣሁ፤ ማርቆስንና ዮሐንስን እኅቴ እንደገና ተረከበቻቸው። እናታችን ዛሬ የለችም፣ ዳኛ የለንም። እኅቴ በየበዓሉ ይህን ታሪክ ለልጆቻችን ታወራለች፤ በእሷ ታሪክ ውስጥ እኔ ቀኑን የረሳሁ ምሁር፣ እሷ ቤቱን ከኀፍረት ያዳነች ናት። «ታውቃለች ብዬ ነበር እኮ» ትላለች መጨረሻ ላይ፣ ልጆቹም ይስቃሉ።

የምታወራውን ከማስረጃው ጋር አስተያይቼዋለሁ። የገናን ጾም አንድ ቀን ሳትገድፍ የምትጾም ሴት ናት። ጠጁን የጣለችው ለቅዳሜ እንዲደርስ አድርጋ ነው። ዶሮዎቹን ያስገዛችው ሐሙስ ነው። ሊቀመንበሩንም ለቅዳሜ የጠራችው እኔ አዋሽ ሳለሁ ነው።

እታለም፣ ስለ ቀለሙ ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ ለሊቀመንበሩ ስለሰጠሽው መልስም አልከስሽም፤ ፈርተሽ ነበር። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። በሩ ላይ ቆሜ «እሑድ ገና ነው» ስልሽ፣ ቅዳሜ መሆኑን ታውቂ ነበር? ታሪኩን ሳትጀምሪ፣ ልጆቹን ሳታስቂ፣ አዎ ወይም አይ በይኝ።