ስሙ ያልተጠራ ሐጃ

ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከሚሴ መናኸሪያ ውስጥ ተያዝኩ። ወደ ደሴ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች በሩን ከፍተው በስሜ ጠሩኝ፤ ወረድኩ። ረዳቱ በኔ ቦታ ሌላ ተሳፋሪ አስገባና መኪናው ሄደ።

ከሌሎች እስረኞች ጋር ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ጆንያዎቹ ተነስተዋል፤ ሽታው ግን ግድግዳው ውስጥ ቀርቷል፣ ዓይን ይቆጠቁጣል። ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ ይግላል። ከጣሪያው ሥር ባለች ጠባብ ቀዳዳ የባጃጅ ጡሩምባ፣ ማርሽ የሚቀይሩ የጭነት መኪናዎች ድምፅና አዛን ይሰማል። ሰዓቱን የምናውቀው በአዛን ነው።

የተያዝኩበት ምክንያት ግልጽ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ጨፋ ላይ የማሽላ ክምሮች መቃጠላቸውን ዘግቤያለሁ። አመዱን በዓይኔ አይቼዋለሁ። እሳቱ እንዴት እንደተነሳ የነገረኝ አንድ ገበሬ ነው። ስሙን እንዳላወጣ ለመነኝ፤ አላወጣሁም። መርማሪው የፈለገው ያንን ስም ነበር።

ክፉ ሰው አልነበረም። በጨዋ ደንብ ነው ያነጋገረኝ። ሻዩን እያማሰለ “ሰውየው ትናንት ተይዟል፤ ሁሉን ዘርግፎታል” አለኝ። “አንተ ስሙን ብቻ አረጋግጥልንና ወደ ቤትህ ሂድ።”

ወደ መጋዘኑ ስመለስ አእምሮዬ ያላየሁትን ሁሉ ያሳየኝ ጀመር። ገበሬው ሲደበደብ አየሁ። ሚስቱ በር ላይ ቆማ አየኋት፤ ሚስት ይኑረው አይኑረው እንኳ አላውቅም ነበር። ያኔ ከሥራዬ የለመድኩትን አንድ ነገር በራሴ ላይ ልሞክር ወሰንኩ። ዜና ስንሠራ ያየነውን፣ የሰማነውንና የገመትነውን እንለያለን። መያዙን ሰምቻለሁ እንጂ አላየሁም። መደብደቡን ግን የገመትኩት እኔው ራሴ ነኝ። በግምቴ ላይ ተነስቼ ምንም ላልወስን ለራሴ ቃል ገባሁ። ሌላም ነገር ታየኝ፤ ሰውየው ተይዞ ከሆነ ስሙን ከኔ ለምን ይፈልጉታል? ይህ ማስረጃ አይደለም። መቆሚያ ግን ሆነኝ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት፣ ከመነሳቴ በፊት፣ እነዚህን በቀስታ እል ነበር፤ ያለሁት ከሚሴ ነው። የጻፍኩትን አይቼዋለሁ። ስሙ ከአፌ አልወጣም። እውነት የሆነውን ብቻ ነበር የምለው። ነገ እፈታለሁ አላልኩም፤ አላውቅም ነበርና። የመጨረሻውን እደግመው ነበር። እሱ ብቻ ነበር በኔ እጅ ያለው።

አጠገቤ የሚተኙት አዛውንት ሰንበቴ ገበያ የከብት ደላላ ነበሩ። ለማን እንዳሻሻጡ ያልታወቀ በሬ አሻሽጠዋል ተብለው ነው የገቡት። አንድ ጠዋት ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አዩኝ።

“ነጋ ቡልቴ፣ ኢልማኮ” አሉኝ በኦሮምኛ፤ በሰላም አደርክ ልጄ ማለታቸው ነው። “ምንድነው የምታነበንበው? ዱአ ነው?”

“አይ አባየ፣ የማውቀውን ነው የምቆጥረው።”

“ትንሽ ነው መሰል፣ ቶሎ አለቀብህ።”

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በገባሁ በሳምንቱ፣ ሐሙስ ዐሱር ከተሰገደ በኋላ አዛውንቱ ወዳጃ እንቀመጥ አሉ።

“ያለ ጫት?” አለ አንድ የባጃጅ ሹፌር። “አባየ፣ አሚኑ ከየት ይወጣል?”

“ከሆድህ ይውጣ። ረቢ ጫት አይቅምም።”

ክብ ሠርተን ተቀመጥን። በወዳጃ ደንብ ሐጃ፣ የሚለምነው ጉዳይ፣ ያለው ሰው ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሽማግሌው ተቀብለው ዱአ ያደርጋሉ፤ የተቀመጠው አሚን ይላል። አዛውንቱ ደግሞ የራሳቸው ጥብቅ ሥርዓት ነበራቸው፤ ሐጃው ለሌላ ሰው ከሆነ ያ ሰው በስሙ ይጠራል። አንዱ የታመመች እናቱን ጠራ። ሹፌሩ ባጃጁን ጠራ፤ ፖሊስ ጣቢያ ደጅ ፀሐይ ላይ ቆማለችና ጎማዋ እንዳይፈነዳ። አሚን እያልን ሳቅን።

ተራው ሲደርሰኝ ሰውነቴ ተፍታትቶ ነበር። ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም። “ለአንድ ሰው ነው” አልኩ። “ቤቱ በሰላም እንዲያድርልኝ።”

አዛውንቱ እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁ። “ማን ይባላል? ስሙን ጥራልኝ።”

እንደ ሁልጊዜው ነው የጠየቁት። እኔ ግን የተዘረጋውን እጃቸውን አየሁ። ያን ዕለት ጠዋት የገባ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ከጎኔ ነበር። “ጥራ እንጂ ወንድሜ” አለ። “ዱአው መንገድ ይስታል እኮ።”

አፌ ተከፍቶ ነበር። ለመርማሪው የተዘጋው አፍ፣ ለአሚን ተከፍቶ ነበር። የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ምላሴ ላይ ነበረች። ያኔ በውስጤ፣ እንደ ጠዋቱ፣ ስሙ ከአፌ አልወጣም አልኩ። ገና እውነት ነበር። አንድ ትንፋሽ ብዘገይ ኖሮ እውነት አይሆንም ነበር።

“አባየ፣ ስሙን ረቢ ያውቀዋል። እኔ ግን እዚህ አልጠራውም።”

በሽማግሌ ፊት ሐጃን አምጥቶ ስም መከልከል ነውር ነው። “እኛን ነው የማያምነው?” አለ አንዱ ከኋላ። ሹፌሩም አልቀለደም።

አዛውንቱ የተዘረጋ እጃቸውን አላጠፉትም።

“ያ ረቢ” አሉ፣ “ይህ ልጅ ያልጠራውን አንተ ጠብቀው።”

“አሚን።”

ባለ ንጹሕ ሸሚዙም አሚን ብሏል። የመርማሪው ጆሮ ነበር ብዬ አልጽፍም፤ አላረጋገጥኩም። ቅዳሜ ጠዋት ተጠርቶ ወጣ፣ አልተመለሰም። የማውቀው ይህን ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት መርማሪው አስጠራኝ። ሻይ ቀረበልኝ። አመሰገንኩ፤ አልጠጣሁም። ከኔ በዕድሜ ብዙ ያንሳል፤ አንተ ይለኛል፤ እኔ እርስዎ እለዋለሁ። የዚያን ቀንም አልቀየርኩም።

“የጻፍኩትን አይቼዋለሁ” አልኩት። “የነገረኝን ሰው ለእርስዎ አልናገርም።”

“ይሄንኑ ነው የምትደጋግመው?”

“አልተቀየረም።”

ከጊዜ በኋላ ክስ ሳይመሠረትብኝ ተፈታሁ።

ወጣት ባልደረቦቼ አንዳንዴ እንዴት ቻልከው ይሉኛል። የምሰጣቸው መልስ አያረካቸውም። ፍርሃቱ አንድም ቀን አልጠፋም፤ እኔም ሲጠፋ አልጠበቅሁም። ከፍርሃቱ አጠገብ እውነት መሆኑን የማውቀውን ነገር ማስቀመጥ ብቻ ነው የተማርኩት። አዛውንቱ የሚያደርጉትም ሌላ አይመስለኝም፤ እሳቸው ያስቀምጡ የነበረው የሚያምኑትን ነው። ያን ሐሙስ ሁለቱም አስፈልገውኝ ነበር። ሰንበቴ ገበያ ሄጄ ስለ እሳቸው ጠይቄያለሁ። አንዱ ወደ ባቲ ሄደዋል አለኝ፣ ሌላው ሞተዋል አለኝ። ሁለቱም በዓይናቸው አላዩም።

ባለፈው ኅዳር በጨፋ በኩል በሚኒባስ አለፍኩ። ማሽላው ደርሶ ነበር። ከመንገዱ ብዙ ሳይርቅ አንድ ሰው አገዳ ይቆርጣል። ቀና ብሎ መኪናውን አየ፣ ተመልሶም ጎንበስ አለ። እሱ ነው፣ ያ ገበሬ።