በፍልሰታ፣ በፈረሰው ገዳም

ከአዝማሪ ዘር አልተወለድኩም። ማሲንቆ ያስተማረኝም የለም፤ የገዛ ጆሮዬ ነው። ፊደልንም ራሴን በራሴ አስተምሬ ዳዊት ደግሜአለሁ። ጣሊያን ሸዋ ሮቢት ሲገባ፣ ከማጀቴ ከተማ እስከ ቀወት እኔ ያልመታሁበት ሰርግ ሰርግ አይባልም ነበር። የሚያስተባብል ካለ ይምጣ። እኩዮቼ ግን አልቀዋል።

በዚያን ዘመን ታላቅ ወንድሜ ለአርበኞች ማሽላ አቀብለሃል ተብሎ ታሰረ። በዚህ ነገር ተይዞ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው አላየንም።

ነሐሴ ላይ የከተማው ሹም የነበረው ጣሊያን መኮንን የዘፈን በዓል አዘጋጀ። ቦታው ከከተማው በላይ ያለው፣ ጣሪያው በጦርነቱ ተቃጥሎ ግድግዳው ብቻ የቀረው ገዳም ነበር። እዚያ ድምፅ ያምራል አለ። ወታደሮቹ ጡሩንባቸውን፣ እኛም ማሲንቆና ድቤያችንን ይዘን እንድንወጣ ታዘዝን።

አስተርጓሚውን «ጾመ ፍልሰታ ነው፤ ዘፈን የለም» አልኩት። ሄዶ ነግሮት ተመለሰ።

«በእኛ አገር ዛሬ ሳይሆን በዚህ ወር የእመቤታችን በዓል ነው ይላል፤ ለእሱም ለአንተም አንዲት ናት። ደስ ካሰኘኸው ወንድምህን ይለቅልሃል።»

አባታችን የተቀበረው እዚያው ገዳም ግቢ ውስጥ ነው።

በዕለቱ ድቤ መቺው፣ እስላም ነጋዴ ጎረቤቴ፣ ከፈረሰው በር ላይ ቆመ።

«ወላሂ አልገባም! ቤቱ የእናንተ ነው። አንተ ባለቤቱ ካልገባህ እኔን ምን ጥልቅ አደረገኝ?»

«እኔማ እገባለሁ።»

«ጾምህስ?»

«ወንድሜ ይበልጥብኛል።»

ድቤውን ከትከሻው አወረደ። «እንግዲያ አላህ ይርዳህ። እኔ ግን ከደጅ ሆኜ ነው የምመታልህ።»

ሕዝቡ በወታደር እየተነዳ መጣ። የቆላው እሾህ አያስኬድምና ሁሉም ነጠላ ጫማ አድርጎ ነበር፤ በሩ ላይ ሲደርስ እንደ ወጉ አወለቀ። መኮንኑ ለእሱ ክብር መሰለው። ብድግ አለና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። እንዳልሆነ የነገረው የለም።

እኔም መታሁ። ከዚያ በፊትም በኋላም እንደዚያ አልመታሁም። ግድግዳው ድምፁን ተቀብሎ ሲመልስልኝ ጡሩንባ ነፊዎቹ ወታደሮች ጡሩንባቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከእኛ ሰው ግን አንድም አላጨበጨበም። ሁሉም አቀርቅሮ መሬት መሬት ያያል።

በማግስቱ ወንድሜ ተፈታ። አስተርጓሚው ሊያናድደኝ ፈልጎ «በማሲንቆህ እንዳይመስልህ፤ ጫማ ስለተወለቀለት ነው» አለኝ። ውሸቱን ነው።

ወንድሜን እስር ቤቱ በር ላይ ተቀበልኩት። ከስቶ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል።

«በምን አስፈታኸኝ?»

«በማሲንቆዬ።»

«የት መታህ?»

ነገርኩት።

«በፍልሰታ? በአባታችን ራስጌ ላይ?» አለ። ከዚያ ትከሻውን ከእጄ አላቅቆ እያነከሰ ብቻውን ሄደ። እስኪሞት ድረስ ከቤቴ እህል አልቀመሰም።

እንግዲህ ያደረግሁትን ልናገር። ከዚያ እስር ቤት ሰው በሕይወት ያስወጣሁ እኔ ነኝ። ጣሊያን ሲወጣ የገዳሙን ድንጋይ በጀርባዬ ተሸክሜአለሁ፤ ጣሪያውን ሣር ከከደኑት አንዱ እኔ ነኝ። ወንድሜ ከእስር ወጥቶ አምስት ልጆች ወለደ፤ እነሱም በእኔ ማሲንቆ የተገኙ ናቸው። የበኩር ልጁን ሲድር ግን ማሲንቆ መቺ ከማጀቴ ድረስ አስመጣ። አጥሩን ተደግፌ ከውጭ ሰማሁት። ጭራውን እንኳ በወጉ አልወጠረውም።