ከገደሉ ሥር የሳቀችበት ቅዳሜ

ጓደኛዬ ባሕር አትወድም ነበር። ደሴ፣ ተራራ ሥር ተወልዳ ያደገች ሴት፣ ሎስ አንጀለስ ሃያ ምናምን ዓመት ኖራ እግሯን ጨው ውኃ ውስጥ ነክራ አታውቅም። ፌርፋክስ ላይ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት። ከሱቅ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ አለቀ። ሐኪሟ ስኳርሽ ከፍ ብሏል፣ በእግርሽ ሂጂ ሲላት "በእግሬ የት ልሂድ? ፌርፋክስን ልመላለስባት?" እያለች ታላግጥ ነበር። እኔ ደግሞ ከያዝኩ አልለቅም። ኦንላይን ፈልጌ አንድ የባሕር ዳርቻ የእግር ጉዞ አገኘሁና እየጨቀጨቅሁ ወሰድኳት።

በወር አንድ ቅዳሜ ነው። ፓሎስ ቨርደስ ድረስ ድራይቭ አድርገን ባሕሩን ቁልቁል የሚያየው ገደል አፋፍ ላይ ፓርክ እናደርጋለን። አስጎብኚያችን ጡረታ የወጣ የጂኦሎጂ መምህር ነው፤ ሰፊ ባርኔጣ አድርጎ፣ ፀሐይ የላጠው አፍንጫውን ክሬም ቀብቶ፣ በዱላው መንገዱን እየነካካ ሃያ ያህል ሰው አስከትሎ ይወርዳል። ድሮ እዚህ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ከሳንቃ ጀልባ ሠርተው፣ ስንጥቁን በቅጥራን ደፍነው፣ ማዶ ያሉት ደሴቶች ድረስ ይቀዝፉ እንደነበር ይነግረናል። ቆይተው የመጡ የጃፓን ገበሬዎች ቁልቁለቱን አርሰው አትክልት ያለሙ እንደነበር፣ የቆምንበት መሬት ራሱ ቀስ እያለ ወደ ባሕሩ እንደሚንሸራተት ይነግረናል። እኔ አስተረጉማለሁ። ያልገባኝን ደግሞ ከራሴ እጨምራለሁ። እሷ መች ሞኝ ነች፣ "አሁን ይሄን እሱ ነው ያለው?" ትለኛለች፣ ከዚያ ሁለታችንም እንስቃለን።

ሰውዬው ሁለት ሕግ አለው። ለባሕር ጀርባ አይሰጥም፣ ሳታስቡት ማዕበል ይወስዳችኋል ይላል። ሁለተኛው፣ ያነሳችሁትን ድንጋይ እንደነበረ መልሱ ነው፤ ሥሩ የሚኖር ነገር አለ። ዛጎል እንኳ ኪስ ውስጥ አይገባም። ጓደኛዬ በዚህ ትናደድ ነበር፤ ለእህቷ አንድ ዛጎል መላክ ትፈልጋለችና። እሱን ስትከለከል ቪዲዮ መላክ ጀመረች።

እህቷ ደሴ ነው የምትኖረው። ታናሿ ናት፤ እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች እሷው አሳድጋታለች። ጠዋት ሱቅ ስትከፍት መጀመሪያ የምትደውለው ለእሷ ነው። ቪዛ አስጀምራላት ስትጠብቅ፣ እህትየው ኩላሊቷን ታመመች። "ትንሽ አሟታል" ነበር የሚሏት። እውነቱን ማን ይነግራታል።

አንድ አርብ አመሻሽ ላይ የእህቷ ልጅ ደወለልኝ። ለእኔ ሲደውል ገባኝ። መርዶ ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም፣ ለቅርብ ሰው ነው የሚነገረው። እናቱ ሌሊት አርፋለች። እዚያ ነግቷል፣ ቀብሩ በዚያው ቀን ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩና ፊቴን ታጥቤ የዕድራችን ሰብሳቢ ለሆኑት ጋሼ ደወልኩ። የጓደኛዬ ልጅ ከሲያትል የምትደርሰው ቅዳሜ ማታ ነው፤ ስለዚህ እሑድ ንጋት ላይ ሰው ተሰብስቦ ይነገራት አሉ። ቀጥለው ግን ጋሼ አንድ ነገር አነሱ። የሟቿ ልጆች ቀብሩን በስልክ ያሳያሉ፣ ዛሬውኑ ብንነግራትና ብታይስ አሉ።

እኔ ነኝ አይሆንም ያልኩት። ሴትዮዋን ብቻዋን ስልክ ፊት አስቀምጠን ልናስለቅሳት ነው ወይ ብዬ ጋሼን ተቆጣኋቸው። ልጇ ትድረስ፣ የሚይዛት ሰው ይኑር አልኩ። እሳቸውም እሺ፣ እስከዚያው ስልክ እንዳታይ አንቺ ያዢልን አሉኝ። ማግስቱ የጉዞው ቅዳሜ ነበር። ገደሉ ሥር ሲግናል የለም። እግዜር ራሱ ያመቻቸው መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ዌስት አዳምስ ከቤቷ ወሰድኳት። በዚያን ሰዓት እህቷ ከተቀበረች ሰዓታት አልፈዋል። እሷ ቆሎ ቋጥራ፣ አዲስ ጫማ አድርጋ ወጣች፣ ጫማው ቆንጆ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ቆንጆ ነው አልኳት።

የዚያን ቀን ባሕሩ ከወትሮው በላይ ሸሽቶ ነበር። ድንጋዮቹ መሀል ትንንሽ ኩሬዎች ቀርተዋል። ሲነኩት አፉን የሚሰበስብ አበባ መሳይ እንስሳ አየን፣ የባሕር ኮከብ አየን። አስጎብኚው የሌላ እንስሳ ዛጎል ውስጥ ገብቶ የሚኖር ሸርጣን አሳየን። ሲያድግ ይጠበውና ሰፋ ያለ ባዶ ዛጎል ፈልጎ ይገባል አለ። ይሄን በትክክል ተረጎምኩላት። "እንደኛው ተከራይ ነዋ! ዲፖዚት ግን አይጠየቅም፣ ታድሎ!" ብላ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ያን ያህል ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ፊትሽ ምን ሆነ፣ አልቅሰሻል እንዴ አለችኝ። እንቅልፍ ስላልተኛሁ ነው አልኳትና፣ እንዳትመረምረኝ ብዬ ስልኳን ተቀበልኳት። "በይ ለእህትሽ ልቅረጽልሽ። እስኪ ሳቂላት" አልኳት። በራሴ አፍ ነው ያልኩት። ሸርጣኑን መዳፏ ላይ አድርጋ፣ ነፋሱ ነጠላዋን እየገፈፈባት፣ ቪዛሽ ይውጣ እንጂ እዚህ ነው የማመጣሽ፣ ተከራዩን አስተዋውቅሻለሁ እያለች እየተንከተከተች ተናገረች። ሸርጣኑን ያነሳችበት ቦታ መለሰችው። "ላኪው" አለችኝ። ሲግናል እንደሌለ አውቃለሁና ላክሁት። እዚያው ስልኩ ውስጥ የሚቀር መስሎኝ።

ባትሪሽ አልቋል፣ መኪና ውስጥ ቻርጅ ላድርግልሽ ብዬ ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። አፋፉ ላይ ስንወጣ ቦርሳዬ ውስጥ ድምፅ አሰማ። የሐዘን መልእክት የመጣባት መስሎኝ ፈርቼ አላየሁትም። ባየው ኖሮ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፣ ይኸው እስከዛሬ ባየው ኖሮ እላለሁ።

እሑድ ሲነጋጋ ነጠላችንን አዘቅዝቀን በሯ ላይ ቆምን። ከፍታ አንዴ አየችን። ጮኸች። የወደቀችው እኔ ላይ ነው። ልጇ ከኋላ ያዘቻት፣ እኔ ከፊት ያዝኳት፣ ጥፍሯ ትከሻዬ ላይ እስኪተከል ድረስ ተጣብቃብኝ አለቀሰች። ደግ አደረግሁ ብዬ አሰብኩ።

በሦስተኛው ቀን ደሴ ጋ በቪዲዮ ተገናኘች። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች አንድ በአንድ አለቀሱላት። አንዲት አክስታቸው ግን አላለቀሱም። የቀብሩ ዕለት ማታ የሟቿን ስልክ ከፍተው ለሐዘንተኛው ፎቶዋን ሲያሳዩ ያ ቪዲዮ ገብቶ ኖሯል። ድንኳን ሙሉ ሰው እያየ ተከፈተ። እህቷ አፈር ሳይደርቅባት እሷ ባሕር ዳር ቆማ ስትስቅ። አክስቲቱ ይህንኑ ነገሯትና "ደስ ብሎሽ ነበር፣ እሰይ" አሏት።

ስልኩን ዘግታ ዞር አለችብኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"ሳቂላት ስትይኝ ታውቂ ነበር?"

"አዎ" አልኩ።

"በእህቴ ድንኳን ውስጥ አሳቅሽኝ። ቀብሯን እንኳ ሳላይ። ውጪልኝ።"

ወጣሁ። ጋሼን ላክሁባት፣ ቄስ ላክሁባት፣ ለማንም አልተመለሰችም። ለደሴ ዘመዶቿ እውነቱን ደውዬ ነገርኩ፤ ሰሙኝ፣ ግን ያዩትን ማን ያጠፋላቸዋል? ሱቋ ስሄድ "ምን ልስጥሽ?" ትለኛለች፣ እንደማንኛውም ገዢ። በርበሬውን መዝና ላስቲኩን ቋጥራ ትሰጠኛለች። ብትሰድበኝ እኮ በስንት ጣዕሙ! ቤት ያለው በርበሬ ሳያልቅ እየሄድኩ እገዛ ነበር፣ ያቺን "ምን ልስጥሽ" ለመስማት።

እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት አለፈ። በዚህ መሀል ታመመች፣ ዌስትውድ ሆስፒታል ተኛች። አጥሚት ይዤ ሄድኩ። ልጇ በሩ ላይ ቆማ፣ እማዬ ተኝታለች አለችኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ስታስል ይሰማኛል። አጥሚቱን ሰጥቼ ተመለስኩ።

ጉዞውን ግን አልተውኩም። መሬቱ ስለተንሸራተተ የድሮው መንገድ በአጥር ተዘግቷል፣ አሁን በሌላ በኩል ነው የምንወርደው። የሚተረጎምለት ሰው የለም፤ ብቻዬን በአማርኛ እያሰብኩ እሄዳለሁ።

በቀደም ቅዳሜ ጠዋት አፋፉ ላይ ፓርክ አድርጌ ጫማዬን ሳስር ስልኬ ጠራ። ልጇ ነች።

"እትዬ፣ መኪና እየነዳሽ ነው?"

"አይደለም፣ ቆሜያለሁ።"

"ኦኬ። እማዬ አሁን አረፈች። ሶ... ለሌላ ሰው ገና አልነገርኩም። 'ለእሷ ከሁሉም በፊት ደውዪላት፣ ሰው አትሰብስቡላት፣ እንዲነጋም አትጠብቁ፣ ሳትስቅ ድረሺባት' ብላኛለች።"

ስልኩ ከእጄ ወደቀ። መኪናው ጎማ ሥር አፈር ላይ ቁጭ ብዬ ደረቴን መታሁ። የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። ብቻን ሆኖ መርዶ መስማት እንዴት እንደሆነ ያኔ አወቅሁ፤ የፈራሁላት ይሄን ነበር፣ ልክ ነበርኩ። እሷም ልክ ነበረች። በሞቷ ሰዓት እንኳ እንዳልስቅ አሰበችልኝ፣ እኔ ያላሰብኩላትን። ይሄ ነው የሚገድለኝ።

ሰዎቹ ከሩቅ ቆመው ያዩኛል። አስጎብኚው ባርኔጣውን አውልቆ መጣና ጎንበስ ብሎ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ጓደኛዬ ሞተች አልኩት። ከእኔ ጋር ትመጣ የነበረችዋ መሆኗ ገባው መሰለኝ። ስልኬን ከአፈር አንስቶ በሸሚዙ ጠረገና፣ መጥቶ የሚወስድሽ ሰው አለ ወይ፣ ለማን ልደውልልሽ አለኝ።

ተቀብዬው ከፈትኩ። ቶሎ ቶሎ የምደውልላቸው ብዬ ካስቀመጥኳቸው ቁጥሮች ከሁሉም በላይ ያለው አሁንም የእሷ ነበር።