የሁሴን ሞተር በፊልቱ መንገድ

ባለፈው ሳምንት ነገሌ ገበያ አጠገብ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ዳገቱ ላይ ተንተፋትፋ ቆመች። ሾፌሩ የአየር ማጣሪያዋን አውጥቶ ጎማው ላይ ሲያራግፍ ቀይ አቧራ ቡን አለ። ሽታው ሁሴንን አስታወሰኝ።

በደርግ ጊዜ ሁለታችንም ወጣት የከብት ሐኪም ረዳቶች ነበርን። በአንድ ሞተር ሳይክል እየዞርን ከብት እንከትባለን። እሱ ይነዳል፤ እኔ የክትባቱን ሣጥን አቅፌ ከኋላ እቀመጣለሁ። በበጋ የዚያ አገር መንገድ ዱቄት ነው። ሞተሩ አየር የሚስበው ከመቀመጫው ሥር ስለነበር ጎማው የሚያነሣውን አቧራ ሁሉ ይጠጣና በየመንገዱ ያቆመን ነበር።

ሁሴን ፊልቱ ውስጥ ዘይነባ የምትባል የነጋዴ ልጅ ይወድ ነበር። አንድ ረቡዕ በጭነት መኪና ሾፌር መልእክት ላከችበት፦ «ጠቅልለን ወደ ኬንያ ልንሻገር ነው። ነገ ከሰዓት መኪናው ይነሣል። ቀድመህ ደርሰህ አባቴን አነጋግር።»

በዚያው ቀን ሁሴን ወፍራም የጎማ ቱቦ ፈልጎ የአየር መሳቢያውን አፍ ከመሪው ሥር ወደ ፊት አወጣው።

«ንጹሕ አየር ያለው ከፊት ነው» አለኝ። ከተማውን ስንዞርበት ሞተሩ እንደ አዲስ ሆነ።

በማግስቱ በማለዳ ተምርና የግመል ወተት ይዘን ወጣን። ሜዳው ላይ ደርሰን ለመፍጠን ነዳጅ ሲሰጠው ግን ሞተሩ ሳለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ጠፋ። ቤንዚኑ ቆሽሾ ነው ብለን ግራር ሥር ቤንዚኑን ከአየር የሚያቀላቅለውን ካርቡራተር ፈታን፤ ንጹሕ ነበር። እሳት የሚጭረው ካንዴላ ግን እንደ አመድ ነጥቷል፤ ለምን እንደሆነ አልገባንም። ቀስ ስንል ይሄዳል፣ ስንፈጥን ይሞታል። ነፋሱ ፊት ለፊት እንደ ምድጃ ወላፈን ይነፍስብናል።

«ያ ረቢ፣ ዛሬን ብቻ!» ይላል ሁሴን።

ፊልቱ ስንገባ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። የዘይነባ አባት ሱቅ በር ተዘግቷል። ጎረቤት የሆኑ አንዲት አሮጊት ወጥተው ሰላም አሉን።

«አካም፣ ናጋ? ከነገሌ የሚመጣው ልጅ አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እማማ። የት ሄዱ?»

«አሁን መሄዳቸው ነው፣ ልጄ። አባቷ እዚህ በር ላይ ተቀምጠው መንገዱን ሲያዩ ዋሉ። ‹ልጁ ይመጣል፣ ትንሽ ጠብቁ› እያሉ ሾፌሩን ሲለምኑ ነበር። ኋላ እምቢ አላቸው።»

«እንከተላቸው» አልኩት። ሁሴን ሞተሩን ዳሰሰና እጁን መለሰ፤ ያቃጥላል። ደረጃው ላይ፣ አባቷ ተቀምጠው በዋሉበት ቦታ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። ድንበሩን ማንም እንደልቡ የሚሻገርበት ጊዜ አልነበረም።

ሁሴን ሞተሩ የሚጠፋበትን ምክንያት ያገኘው ከሳምንታት በኋላ ነው። ወደ ፊት የዞረው ቱቦ ስንፈጥን ነፋሱን እየገፋ ያስገባል፤ የካርቡራተሩ የቤንዚን ጽዋ የሚተነፍስባት ቀጭን ቱቦ ግን ከታች ቀርታለች። ግፊቱ ስላልተመጣጠነ ሞተሩ የሚበቃውን ቤንዚን አያገኝም። ሁለቱን ቱቦዎች እዚያው መሪው ሥር በአንድ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ አስገብቶ አፉን ወደ ኋላ አዞረው። ያን ሞተር ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ሲበር አላየሁትም።

ደስ ብሎኝ «ፊልቱ ድረስ እንሞክረው?» አልኩት።

«ማን ጋ?» አለኝ።

ኋላ አሬሮ ተዛውሮ አገባ፣ ወለደ፤ ዓምና አረፈ። የዘይነባ አባት እምቢ ብለውት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር እላለሁ፤ የተከለከሉትን ነገር ሰው ይረሳዋል። ልጃቸውን ሊሰጡት በር ላይ ተቀምጠው መዋላቸውን ግን፣ በዚህ ዕድሜዬም ቢሆን፣ መርሳት አልቻልኩም።