ለአንድ በር የተላከ ውጤት

እኔ ከሰንበቴ ከሚሴ፣ ከከሚሴ ጨፋ ሮቢት፣ በየልጆቼ ቤት ስዞር የምኖር ሰው ነኝ። ቁጣ አላውቅም። ያን ቀን ከሚሴ ጤና ጣቢያ ግን፣ ወላሂ፣ ደሜ ፈላ።

ትንሿን ልጄን ይዤ ነበር። ካገባች ቆይታለች፤ አላረገዘችም። ሐኪሟ ያዘዘችውን ደም ሰጥታ ቁጭ እንዳልን የላቦራቶሪው ሰውዬ አንገቱን በመስኮት አወጣና ስሟን ከነአባቷ ጠርቶ፣ «እርግዝና የለም! ሁለተኛው ምርመራ ይቀራል!» ብሎ ጮኸ። አግዳሚው ላይ የአማቷ ጎረቤቶች ተደርድረዋል። ልጄ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«ምነው ልጄ፣ ለሐኪሟ አትነግራትም?» አልኩት።

«ኔትወርክ የለማ፣ እማማ! በኮምፒውተሩ አልሄድ አለኝ።»

«እማ፣ እንሂድ» አለች ልጄ። «ሁለተኛውንም ከጮኸው ባሌ ቤት አልመለስም።»

«ተይ፣ ተቀመጪ» አልኳት።

ይሄኔ ኔትወርክ የምትጠግን አንዲት ወጣት መጣች። አጠገባችን ግድግዳው ላይ ገመድ የተሰካካበት ሣጥን አለ፤ ስዊች ይሉታል። ከፈተችና አንዱን ገመድ መንጭቃ አወጣች።

«ሁለቱንም ጫፍ እዚሁ ሰክተውታል! ለሁሉም የተላከ መልእክት በአንዱ ጫፍ ይወጣል፣ በሌላው ይመለሳል፤ ስዊቹ አዲስ እየመሰለው ደግሞ ይበትነዋል። በዚያ ተጨናንቆ ሌላ ማሳለፍ አቃተው።»

«እሱም እንደዚህ ሰውዬ ለሁሉ ነው የሚለፈልፈው?»

ሳቀች። «ኧረ የለም፣ እማማ። መልእክት ሲመጣለት ላኪው በየትኛው የገመድ ቀዳዳ እንደገባ መዝግቦ ይይዛል። ተቀባዩን ካላወቀው ብቻ ከመጣበት በቀር በሁሉም ቀዳዳ ይልካል። ተቀባዩ ሲመልስ የእሱንም ቀዳዳ ያውቃል። ከዚያ ወዲያ የእሱን ለእሱ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ሌላው አይሰማም።»

ይሄኔ ቁጣው ባሰብኝ። ሣጥኑ የሚበትነው ሳያውቅ ነው። ሰውዬው ግን ሐኪሟ የት እንደምትቀመጥ ያውቃል! በሯ ፊት ለፊቱ ነው!

ኔትወርኩ ተመለሰ። ሰውዬው ግን ወረቀት ይዞ ያንኑ አንገቱን አወጣ፣ አፉን ከፈተ። ዘልዬ መስኮቱን በነጠላዬ ጋረድኩት።

«እስኪ ጩህ! አሁንም የለም በለኝ! እህት የለህም? ለሐኪሟ ላክላት በገመዱ!»

«እማማ፣ ለምጄ እኮ ነው...»

«ልማድህን ቤትህ!»

ሰውዬው ተመልሶ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ሐኪሟ በሯን ከፍታ ልጄን በእጇ ጠራቻት፤ ስሟን እንኳ አላነሳችም። በሩ ተዘጋ።

የአማቷ ጎረቤት ወደ እኔ ተጠጋች። «ምን ተገኘባት?»

«ውጤቱ የእሷ ነው» አልኳት።

ለእናንተም አልነግራችሁም።