በስልክ የሰጠሁት የክርስትና ስም

እኔ አንድ ቤት ከሰነበትኩ እግሬን ይበላኛል። ራቤል ከተማ ወንዱ ልጄ ዘንድ ሁለት ሳምንት፣ ዘመሮ ከተማ እህቴ ዘንድ አንድ ሳምንት፣ በመሐሉ የንግሥ በዓል ከሰማሁ እሱም አይቀርብኝ። የስልኬን ቁጥር ላገኘሁት ሁሉ እሰጣለሁ፤ መንገደኛ ሴት ሌላ ምን አድራሻ አላት? ፊደሉን ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከዳዊቱ ላይ አስቆጥሮኛል። ቁጥር ያስተማረኝ ግን ይኸው ስልክ ነው።

የዚያን ለት መሐል ሜዳ ከተማ የገባሁት በጧት ነው። ትንሿ ልጄ እዚያ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የሕመምተኞችን ፋይል በኮምፒውተር ትይዛለች። ወደዚያ የሚመጣው አብዛኛው የሩቅ ሰው ነው። በገዛ ቀበሌው መድኃኒት ሲወስድ ጎረቤት እንዳያየው የሚሸሽ፣ ነጠላውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ የሚቀመጥ። የማን ሕመም ምን እንደሆነ ልጄ ለኔም ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ከመናኸሪያ በቀጥታ ወደ ቢሮዋ ሄድኩ። ስገባ ስልክ ይዛ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ጉልበቴን እንኳ አልሳመችም። የሚያናግራት ደብረ ብርሃን ያለው የኮምፒውተር ባለሙያቸው ነው፤ ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል።

«ከማናውቀው ማሽን በስምሽ ሊገባ የሚሞክር ሰው አለ። የይለፍ ቃልሽን በትክክል ነው የጻፈው። ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም! በማርያም፣ ለማንም!»

የክሊኒኩ ኃላፊ በሩ ላይ ቆመው ያዩዋታል።

«ቢገባ ምን ያገኛል?» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

«የሁሉንም ስምና ሕመም፣ እማዬ። ወስዶ ይበትነዋል። ወይም እበትነዋለሁ እያለ ሰዉን ያስጨንቃል።»

በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። አግዳሚው ላይ ሰባት ስምንት ሰው ተራ ይጠብቃል።

«ቃሉ ምንድን ነው ልጄ?»

ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ ነገረችኝ። የክርስትና ስሟ ነው።

በኛ አገር የክርስትና ስም በየመንገዱ አይጠራም፤ መተት የሚያሠራ ሰው እጅ እንዳይገባ እንደብቀዋለን። ልጄም ከዚህ የበለጠ የተደበቀ ቃል የለም ብላ መርጣዋለች። ለጸሎት ግን አንደብቀውም። በየገዳሙ ስዞር፣ በቅዳሴ እንዲያስቡልን የቤተሰቤን ስም አንድ ባንድ አስጽፌ ነው የምመለሰው። ከሦስት ቀን በፊት ዘመሮ ሳለሁ አንድ ሰው ደውሎ «እናቴ፣ ከገዳም ነው፤ ሱባኤ ልንገባ ነውና የቤተሰብዎን የክርስትና ስም ይስጡን» ቢለኝ፣ ደስ ብሎኝ የሞተውንም ያለውንም ቆጠርኩለት።

ልደብቅ አሰብኩ። አንድ ትንፋሽ ያህል አሰብኩ። ከዚያ «እኔ ነኝ የነገርኩት» አልኩና አስረዳኋቸው።

«እማዬ፣ ምን አደረግሽኝ!» አለች ልጄ።

ባለሙያው አልተቆጣም። «ከአዲስ ማሽን ቃሉ ብቻውን አያስገባውም፤ በስልክ የሚላክ ማረጋገጫ ቁጥርም ያስፈልገዋል። ቁጥሩ በማን ስልክ ነው የሚመጣው?»

ልጄ «በእናቴ» አለችና ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። የሷ ስልክ ተሰብሮ ሳለ የኔን አስመዝግባ ኖሯል። ለሥልጠና በሄደች ጊዜም «የኔን ኮምፒውተር የሚሰርቅ አስቀድሞ እናቴን ይስረቅ፤ ቃሉን ከሷና ከእግዜር በቀር የሚያውቅ የለም» ብላ ባልደረቦቿን አስቃ ነበር። ሰውየው ከሳቁት አንዱ ይሁን፣ ከነሱ የሰማ ይሁን፣ እስካሁን አልታወቀም።

ስልኬን ከመቀነቴ ፈታሁ። ስድስት ቁጥር ያለበት መልእክት ገብቷል። ገና እያየሁት ጠራ።

«እሱ ነው!» አለች ልጄ።

«እማማ፣ ቁጥሩን እንዳይነግሩት» አለ ባለሙያው፣ «ግን አይዝጉበት። ከነቃብን በሌላ ሠራተኛ ስም ይሞክራል። የሁሉንም በር እስክዘጋ ያቆዩልኝ።»

ልጄ የባለሙያው ድምፅ እንዳይሰማ ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። እኔ ደግሞ መዋሸት አይሆንልኝም። ስለዚህ አነሳሁና ሰላምታ ጀመርኩ።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ።»

«እሺ እናቴ፤ አሁን የመጣልዎት ቁጥር አለ...»

መነኩሴ ይፍቱኝ ሲሉት እሺ አይልም፤ እግዚአብሔር ይፍታ ነው የሚለው። የቀረችኝ ጥርጣሬ እዚያው ጠፋች።

«እንዴት ሰነበቱ አባቴ? ማኅበሩ ሁሉ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነን። ቁጥሩን...»

«ተመስገን። አበምኔቱስ ጤናቸው እንዴት ነው?»

«ደኅና ናቸው።»

«ብርዱን እንዴት ቻላችሁት? እዚህ ውርጩ ገብሱን ለበለበው። እናንተ ዘንድስ?»

«እዚህም... ብርድ ነው።»

በኛ ዘንድ አዝመራውና ከብቱ ሳይጠየቅ ወደ ጉዳይ አይገባም። እሱም የአገር ሰው ለመምሰል እየተቁነጠነጠ ይመልሳል። ልጄን በበሩ በኩል አያለሁ፤ ገና፣ ገና ትለኛለች በእጇ።

«በጎቹስ ወለዱ?»

«ወልደዋል! ቁጥሩን ይንገሩኝ እንጂ፣ ስማችሁ የሚጻፈው በሱ ሥር ነው!»

«መንታ ወለዱ?»

«አንቺ አሮጊት፣ ትነግሪኛለሽ አትነግሪኝም?»

ይሄኔ ልጄ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች። ተዘግቷል።

«አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?» አልኩት። ስልኩን ጠረቀመው።

ባለሙያው ሲፈትሽ ረፋዱ አለፈ። አንድም ፋይል አልወጣም አለ። ኃላፊው ለልጄ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጧት፤ አልተከራከረችም። ሲወጡ ግን እኔን «የበጎቹን ነገር ከየት አመጡት?» አሉኝ። «ገና ስለ ድርቆሹ ልጠይቀው ነበር» አልኳቸው። ልጄ ፊቷን ሸፍና ሳቀች፤ ወይ አለቀሰች፣ አልለየሁትም።

የኔን ስልክ አስፍቃ የራሷን አስመዘገበች። አዲሱን ቃል ልትጽፍ ስትል «ፊትሽን አዙሪ እማዬ» አለችኝ። ወደ ግድግዳው ዞርኩ። መጻፉን እንደጨረሰች በሩን ከፍታ ባለተራውን ጠራች። የሴት ኮቴ ገባ፤ ካርድ ሲቀበሉ፣ በሹክሹክታ ሲነጋገሩ ይሰማኛል። ሴትዮዋ ጨርሳ እስክትወጣ ከግድግዳው አልዞርኩም።