በመዝገቡ ላይ ሁለት ሳሃል

ተናኘ ከደሴ ተዛውራ ጅግጅጋ ከመጣች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ሥራዋ ከማረሚያ ቤት በአመክሮ የተፈቱትን መቆጣጠር ነው። ድሮ የምትከታተለው ሃያ ሰው ነበር። የምርጫ ማጭበርበር ቅጣት ከጠነከረ ወዲህ ግን ሁለት የመራጭ ካርድ ያወጣውም፣ በሌላ ሰው ስም ድምፅ የሰጠውም እየተፈረደበት ገባ። አሥር ሰው የሚያድርበት ክፍል ሃያ አምስት ያዘ፤ በቦቴ የሚመጣው ውኃም ከቀትር አላልፍ አለ። ስለዚህ ከቅጣታቸው አብዛኛውን የጨረሱት በየሰኞው እየመጡ እንዲፈርሙ ተብለው ወጡ። የተናኘ ሰዎች ዘጠና አራት ደረሱ። ሞተር ብስክሌት ያው አንድ ነው፤ የታተመው ቅጽም አለቀ። እሷም እግዚአብሔር ይርዳኝ ብላ የተማሪ ደብተር አሰመረች፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የጣት አሻራ።

አንድ ረቡዕ ፖሊሱ ሙላቱ ከቀብሪበያ የከብት ገበያ አንድ የሚያነክስ ጎልማሳ ይዞ ገባ።

"ሳሃል ዐብዲራሺድ፣ ሦስት ሰኞ የቀረው" አለ። "ደብዳቤው ተፈርሟል፤ ዛሬውኑ ወደ ውስጥ ይመለሳል።"

"የት ቀረሁ?" አለ ሳሃል። "እህቴ፣ ቀለሙን ያቀበልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

ተናኘ ደብተሩን ገለጠች። ሳሃል ዐብዲራሺድ ሁለት ቦታ ተጽፏል። አንዱ ጋ አሻራው ሞልቷል፤ ሌላው ጋ ሦስት ሰኞ ባዶ ነው። ደብዳቤው ላይ ያለው ስሙ ብቻ ነው።

"ላንጋሬ ብለሽ ጻፊ አላልኩሽም?"

"አንካሳ ብዬ? በመንግሥት መዝገብ ስድብ አልጽፍም ብዬሃለሁ እኮ!"

"የምን ስድብ? ስሜ ነው! እናቴም በሱ ነው የምትጠራኝ። ያኛው ሳሃል ዴሬ ነው፣ ረጅሙ። ዝናብ ተከትሎ ጉናጋዶ ወርዷል።"

"እኔንማ ሆዱ ነው የሚሉኝ" አለ ሙላቱ እየሳቀ። ተናኘ ግን አልሳቀችም።

የሳሃልን አውራ ጣት አየች። ግመል የነከሰው ጠባሳ ለሁለት ከፍሎታል። በሞላው ረድፍ ያለው አሻራ ሁሉ መሐሉን ነጭ መስመር ያቋርጠዋል።

ደብተሩን ይዛ ወደ ኃላፊው ወደ አቶ ሰይፈ ገባች።

"ስህተቱ የእኔ ነው።"

"በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይደርስሻል" አሉ ሰይፈ መነጽራቸውን እያወለቁ።

"ይድረሰኝ። ሰውየው ግን እንዳይገባ።"

ኃላፊው ደብዳቤውን ሰረዙት። ዴሬም ጉናጋዶ ባለው ፖሊስ ጣቢያ እንዲፈርም ስልክ ተደወለ፤ እዚያ ድረስ ሞተሩን የሚያደርስ ነዳጅ አልነበረም። ጥፋት የሌለበት ሰው በር ሳይቆለፍበት በመድረሷ ተናኘ በልቧ እግዚአብሔርን አመሰገነች።

ስትመለስ ሳሃል ቆሞ ጠበቃት። ብዕሯን አንስታ ከአባቱ ስም ቀጥሎ ጻፈች።

"አንብቢልኝ" አላት።

"ሳሃል ዐብዲራሺድ…" ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ "ላንጋሬ።"

"ጮክ በይ እንጂ፣ ሙላቱም ይስማ!"

ጮክ ብላ አነበበች። ሳሃል ራሱን ነቀነቀና የቀብሪበያ ሚኒባስ ሳያመልጠው እያነከሰ ወጣ።